የእናትሽ ፎቶ በ50 በ70 ሲታተም እንዳይደበዝዝ

ሰላም እህቴ። የእናትሽን ፎቶ በ50 በ70 ሴንቲሜትር አሳትመሽ ሳሎን ልትሰቅዪ ነው። ማተሚያ ቤቱ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን ስላለሽ ፎቶሾፕ ላይ 72 የሚለውን አጥፍተሽ 300 ጻፍሽበት፣ ይበቃል ወይ ነው ጥያቄሽ።

አይበቃም። ለህትመት የሚመጡ ፋይሎችን የማስተካክለው እኔ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ሁሌ ይገጥመኛል። ዋናው ፎቶው ስንት ፒክስል፣ ማለትም የተሠራበት ትንንሽ ነጥብ፣ አለው የሚለው ነው። ኢሜጅ ሳይዝ ላይ ሪሳምፕል (የፒክስሉን ብዛት መቀየሪያ) የሚለው ካልተመረጠ 300 ብትዪውም ፒክስሉ ያው ነው፤ የሚያንሰው ህትመቱ የሚይዘው ስፋት ነው። ከተመረጠ ደግሞ ፎቶሾፕ የሌለውን ፒክስል እየገመተ ይሞላል፣ ፋይሉ ይከብዳል፣ የፊቱ ዝርዝር ግን ተመልሶ አይመጣም።

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሴንቲሜትሩን ለ2.54 ስታካፍዪው ኢንች ይሆናል። 70 ሴንቲሜትር 27.6 ኢንች ገደማ ነው። በ300 ካሰብነው ከ8,200 ፒክስል በላይ ይፈልጋል፣ ይሄን ደግሞ አብዛኛው ስልክ አያወጣም። ግን አትደንግጪ። 300 የሚባለው እጅ ላይ ተይዞ ለሚታይ ነገር ነው፣ ለአልበም፣ ለመጽሔት። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ተብሎ ለሚታይ 150 አካባቢ በጣም ያምራል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ 4,000 በ3,000 ያነሳል፣ ረጅሙ ጎን 4,000 ለ27.6 ኢንች ሲካፈል 145 ዲፒአይ ይደርሳል። ስለዚህ ኦርጂናሉ ካለሽ ጨርሰሻል።

እኔን የሚያሳስበኝ ፎቶው በቴሌግራም የመጣ ከሆነ ነው። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1,280 ፒክስል ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ ያ ማለት በ70 ሴንቲሜትር ላይ 46 ዲፒአይ ብቻ! የእናትሽ ዓይንና የቀሚሷ ጥልፍ ደብዝዞ ይወጣል። ስለዚህ ያነሳውን ሰው ፈልጊና እንደ ፋይል ላኪልኝ ወይም ላክልኝ በዪ። ስክሪንሾት ደግሞ በጭራሽ።

ሌላው፣ የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ነው፣ የአንቺ ፍሬም ግን 7 ለ5፤ ትንሽ መቆረጡ አይቀርም። ቁረጪው ራስሽ፣ ለማተሚያ ቤት አትተዪ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሊሄድብሽ ይችላል። ቀለሙን ወደ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለም አይነት) ከመቀየርሽ በፊት ጠይቂያቸው፣ ብዙ የፎቶ ማሽኖች አርጂቢ (የስልክና የስክሪን ቀለም አይነት) ነው የሚቀበሉት።

ሙሉውን ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ ፊቷ ያለበትን ክፍል ብቻ በትክክለኛ መጠኑ ኤፎር ወረቀት ላይ አሳትሚና ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ ከሶፋው ሆነሽ እዪው።