ወርቅ ላይ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ውሃ የሚቀዳበትን እዩ

በየክረምቱ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውሮፓ ለእረፍት የሚመጡ ወገኖች ሐዋሳ ሲደርሱ ይደውሉልኛል። ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዘን ገና ሳይቀርብ ስልካቸውን አውጥተው የፈቃድ ወረቀት ፎቶ ያሳዩኛል። «ሻኪሶ አካባቢ ነው፣ አክሲዮን እንግባ?» ይሉኛል። የላቦራቶሪውን ውጤት በቃላቸው ይዘውታል፣ በቶን ስንት ግራም እንደሚወጣ ያውቃሉ። «መሬቱ ላይ ማን ነው የሚኖረው?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ።

እኔ ረጅም ዘመን ውጭ አገር በማዕድን ኩባንያዎች ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከመንደር ሰው ጋር መነጋገር፣ ንብረት መመዝገብና ቅሬታ መቀበል ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁ ካየሁት ነው።

«ስጋት» የሚለው ቃል ላይ እንግባባ። ኩባንያዎች ስጋት ሲሉ ለረጅም ጊዜ የሚያስቡት ለራሳቸው ነበር፤ መንገድ ቢዘጋብን፣ ማሽን ቢቃጠልብን እያሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቃቸው የንግድና የሰብዓዊ መብቶች መርሆች ግን ጥያቄውን ገለበጡት፦ በእኛ ሥራ የሚጎዳው ማን ነው? ጉዳቱ በሦስት ነገር ይመዘናል፤ ምን ያህል ይከብዳል፣ ስንት ሰው ይነካል፣ ከደረሰስ በኋላ ሊመለስ ይችላል ወይ። ለእኔ ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። የተዘጋ መንገድ በሳምንት ይከፈታል። የተመረዘ ምንጭና የተቆፈረ መቃብር ግን በካሳ አይመለሱም።

ይህን ለማወቅ የቢሮ ጥናት ብቻ አይበቃም፣ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ካርታው ላይ ባዶ የሚመስለው ሸለቆ ወርዳችሁ ስታዩት ሴቶች ገበቴ ይዘው አሸዋ ሲያጥቡ ታገኟቸዋላችሁ። እነዚህ ባህላዊ አምራቾች ብዙውን ጊዜ በጥናቱ ውስጥ አይቆጠሩም፤ ፈቃዱ ሲሰጥ ግን እንጀራቸው ይቋረጣል። በስብሰባ ላይ ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ስለዚህ ሴቶቹን ለብቻቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ ማነጋገር ግድ ነው። በበጋ የተሠራ ጥናት የክረምቱን ጎርፍ አያይምና በሁለቱም ወቅት መታየት አለበት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በሠራሁበት አንድ ቦታ ኃላፊው ደብተሩን ገልጦ «ዓመቱን ሙሉ አንድም ቅሬታ አልቀረበም» አለኝ፤ ደስ ብሎታል። የቅሬታ ሳጥኑ የት እንዳለ ጠየቅሁ። ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ጠመንጃ የያዘው ዘብ ከሚቀመጥበት ወንበር አጠገብ ተሰቅሏል። ቁልፉ ስለጠፋ በመዶሻ ተከፈተ፣ ውስጡ አቧራ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ እርሻዋን የመኪና አቧራ የሸፈነባት አንዲት እናት ዘንድ ሄጄ ለምን እንዳልከሰሰች ጠየቅኋት። «ወረቀቱን ለመክተት በዚያ ሰውዬ ፊት ማለፍ አለብኝ፤ መጻፍም አልችልም» አለችኝ። ሳጥኑን ነቅለን በገበያ ቀን ገበያው ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋን፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ሴት ቀጥረን ቅሬታውን በቃል መቀበል ጀመርን። ደብተሩ ወዲያው ሞላ። ኃላፊው ደነገጠ፣ እኔ ግን እፎይ አልኩ፤ ቢያንስ አሁን እናውቃለን። ቅሬታ የለም የሚል ኩባንያ ካጋጠማችሁ ሳጥኑን አሳዩኝ በሉ።

ጥበቃው ሌላ ጉዳይ ነው። ማን ይጠብቃል፣ ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ ጥይት ቢተኮስ ለማን ሪፖርት ይደረጋል? እ.ኤ.አ. በ2012 ደቡብ አፍሪካ ማሪካና ላይ ፖሊስ በአንድ ቀን 34 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ የማዕድን ሠራተኞችን ገድሏል። ኩባንያዎች ከጥበቃ ኃይል ጋር እንዴት መሥራት እንዳለባቸው የሚገልጹ የበጎ ፈቃድ መርሆች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበሩ። በወረቀት ላይ መኖራቸው ብቻ ሰው አላዳነም።

በቅርባችንም አለ። የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲታደስ የአካባቢው ሕዝብ ልጆቻችን ጤና አጥተው እየተወለዱ ነው፣ ከብቶቻችን እያለቁ ነው ብሎ ወጣ፣ መንግሥትም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ፈቃዱን አገደ። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ ኤርትራ ውስጥ ያለውን የቢሻ ማዕድን ጉዳይ እወቁ። በግዳጅ ሠርተናል ያሉ ኤርትራውያን የማዕድኑን ባለድርሻ ኩባንያ ቫንኩቨር ላይ ከሰሱ፤ ኩባንያው ክሱን ካደ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ክሱ እዚያው ሊታይ ይችላል ብሎ ወሰነ፣ በኋላም በስምምነት ተዘጋ። አገር ቤት የተሠራ በደል የምትኖሩበት ከተማ ድረስ ይከተላል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 43 ላይ ሕዝብ የሚመለከተው ፕሮጀክት ሲመጣ ሐሳቡን እንዲጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀለ ወይም ኑሮው ለተነካ ሰው ካሳ ይገባዋል ይላል። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ካሳው ከመፈናቀሉ በፊት ተከፍሏል? የተፈረመው በባል ስም ብቻ ነው ወይስ በሚስትም? በአንድ ጊዜ በእጅ የተሰጠ ብር ቆርቆሮ ተገዝቶበት ሲያልቅ፣ ቤተሰቡ ያለ መሬት ሲቀር አይቻለሁ፤ እስካሁን ያመኛል። ተተኪ መሬት የሚያቀርብ ኩባንያ ካገኛችሁ በርቱ ብላችሁ አግዙት።

የመንገዱን ሰላም አጣርታችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ቦታው ድረስ ሂዱ። ኦሮምኛ የሚያስተረጉምላችሁን ሰው ራሳችሁ ፈልጉ፣ ባለፈቃዱ የመረጠላችሁን አትውሰዱ። ካምፑን ለማየት አትቸኩሉ። ማለዳ ወንዙ ጋ ውረዱና እንስራ የያዙትን እናቶች ሰላም በሉ፤ ይህ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ውሃ የሚቀዱት ከየት እንደሆነ ጠይቋቸው።