ካርዱ ላይ «ተረት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሥነ ቃል ልትሰበስቡ ወደየገጠሩ ለምትወጡት ነው። መቅረጸ ድምፅና ባትሪ እንዳትረሱ የሚያሳስባችሁ አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ የሰማችሁትን በምን ስም እንደምትመዘግቡት ነው።

በወጣትነቴ ላሊበላ ላይ አንድ አዛውንት ቄስ አስቀምጠው አጫወቱኝ። ንጉሡ ሲወለድ ንብ እንደከበበው፣ እናቱም ስሙን ከዚያው እንዳወጣችለት ነገሩኝ። ቀጥለውም ቤተ ጊዮርጊስ ይዘውኝ ወርደው፣ ዓለቱ ላይ ያሉትን ጎድጓዳ ምልክቶች በመቋሚያቸው ጫፍ እየነኩ «ይኸው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ» አሉኝ። ማታ ካርዴ ላይ በጉልህ «ተረት» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ላነብላቸው ስጀምር እዚያች ቃል ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ እኔ መች ተረት ነገርኩህ? ተረት ቢሆንማ ‹ተረት ተረት› ብዬ እጀምርልህ አልነበር?» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እኒያ አባት ያሉኝን ነገር አሜሪካዊው የሥነ ቃል አጥኚ ዊልያም ባስኮም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጥናት በሰፊው ጽፎታል። ሐተታ ተፈጥሮ ወይም ሚት የምንለው፣ ባለቤቶቹ እውነት ነው ብለው የሚቀበሉት፣ ዓለም የዛሬውን መልኳን ሳትይዝ በፊት ሆነ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜም የተቀደሰ ትረካ ነው። አፈ ታሪክም እውነት ነው ተብሎ ይነገራል፤ ግን ሰው፣ ቦታና ዘመን አለው። ተረት ደግሞ ፈጠራ መሆኑን ተራኪውም አድማጩም ያውቁታል። ልብ በሉ፤ መለያው ዘንዶ መኖር አለመኖሩ አይደለም። አክሱም አካባቢ የዘንዶው ንጉሥ የአርዌ ነገር ከንግሥተ ሳባ በፊት የሆነ ታሪክ ተብሎ ይተረካል። ያንኑ ዘንዶ አንዲት እናት ልጇን ለማስተኛት ብታነሳው ተረት ይሆናል።

ስለዚህ መግቢያውን አድምጡ። «ተረት ተረት» ሲባል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ ውል ገቡ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጅብ ቢያማ፣ ዝንጀሮ ዳኛ ሆኖ ቢሰየም «እውነት ነው ወይ?» የሚል የለም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ውሉ ያበቃል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ጊዜ ቆጠብኩ ብላችሁ ከቅጂው አትቁረጡ፤ ምደባው ያለው እዚያ ነው።

ተመሳሳይ ተረቶችን በአንድ ቁጥር የሚመዘግበውን ዓለም አቀፍ የተረት ማውጫም ልመዱት። ፊንላንዳዊው አንቲ አርኔ እ.ኤ.አ. በ1910 ጀመረው፤ ስቲዝ ቶምፕሰን በ1928ና በ1961 አስፋፋው፤ ሃንስ ዮርግ ኡተር በ2004 አደሰው። ተራራ ላይ በብርድ ሲያድር የሩቅ እሳት እያየ የበረታውን የእኛን አሽከር ታውቁታላችሁ፤ ጌታው «እሳቱ ሞቆሃል» ብሎ ውርርዱን ይከለክለዋል፣ ኋላም የምግቡ ሽታ ብቻ በሚቀርብበት ግብዣ ጌታው ይሸነፋል። በማውጫው ቁጥር 1262 ነው፤ ቱርኮች ደግሞ በናስረዲን ሆጃ ስም ያወሩታል። ቁጥሩ ዘመዱን ያገኝላችኋል። አንድ ሽማግሌ የመሬት ሙግት ላይ ተቀምጦ ለምን እንዳነሳው ግን አይነግራችሁም፤ ያንን ራሳችሁ ካልጻፋችሁት የሚጽፈው የለም።

በአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች እስከ ዛሬ እቸገራለሁ። ሰውየው በእውን የነበሩ ሊቅ ናቸው፤ የማንም ቀልድ ግን በእሳቸው ስም ይነገራል። ካርዱ ላይ አንዱ ሣጥን ካልበቃ «አፈ ታሪክ»ም «ተረት»ም ላይ ምልክት አድርጉ፤ ነውር የለውም።

ያ ካርድ አሁንም አለኝ። «ተረት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ እንዲነበብ ትቼው፣ ከጎኑ እንዲህ ብዬበታለሁ፦ «አፈ ታሪክ። ተራኪው ግን ታሪክ ይሉታል።»