የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሥራው ምንድን ነው? የድሬዎች ጥያቄና መልስ

በቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ስለ ኃላፊው ሥራ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ለመጡት ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥ፦ አቦ፣ ኃላፊው ቢሮ ተቀምጦ ምን ይሠራል? መጽሐፉን የሚያውሱን ሌሎች ናቸው።

መ፦ ዕቅድ፣ በጀት፣ ግዢ፣ የሠራተኛ ምደባ፣ ሪፖርት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። የሚገዙት መጻሕፍት ዝርዝር ቀድሞ ካልተዘጋጀ ገንዘቡ ሰኔ ላይ በጥድፊያ ይወጣና ማንም ያልጠየቀው መጽሐፍ መደርደሪያ ያጣብባል። ጥሩ ኃላፊ አንባቢ ጠይቆ "የለም" የተባለውን ርእስ ሁሉ በደብተር ያስይዛል፤ የግዢ ዝርዝር መውጣት ያለበት ከዚያ ነው።

ጥ፦ መደርደሪያው ለምን ይቆለፋል? የመጽሐፉን ስም በወረቀት ጽፎ በመስኮት መጠበቅ ሰለቸን።

መ፦ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። መጽሐፍ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ በንብረትነት ይመዘገባል፤ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መቀበያ ቅጽ ገቢ ሆኖ በሞዴል 22፣ በወጪ ቅጹ፣ ለሠራተኛ ይወጣል። ፈርማ የተረከበችው ልጅ ቆጠራ ሲመጣ የጎደለው ከደመወዟ እንዳይቆረጥ ትፈራለች፤ ስለዚህ ትቆልፋለች። በእሷ አልፈርድም። ሰው እየገለጠ የሚመርጥበት መደርደሪያ ሲከፈት ጥቂት መጽሐፍ መጥፋቱ አይቀርም፤ የሚነበብ መጽሐፍም ይቀደዳል፣ ጀርባው ይላቀቃል። ይህን ተቋሙ እንጂ አንዲት ደመወዝተኛ ልትሸከመው አይገባም።

የኃላፊው ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው፦ የጠፋና ያረጀ መጽሐፍ በኮሚቴ ታይቶ ከመዝገብ የሚሰረዝበትን መመሪያ ማዘጋጀት፣ ፋይናንስንና ኦዲትን ማሳመን፣ ማስፈረም። ወረቀቱ ሳይፈረም "ክፈቺ" ብሎ ማዘዝ ልጅቷን ማጋለጥ ነው። ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ቆልፎ ለሚያስቀምጥ ምክንያት የለውም።

ጥ፦ አዳራሹን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሞልተውት እኛ ጋዜጣ የምናነብ ሽማግሌዎች ቦታ አጣን። ለምን አይከለከሉም?

መ፦ አባቴ፣ ቤታቸው ጠባብና ሙቀት ነው፤ የት ይሂዱ? መፍትሔው ሰዓት ነው። ቀትር ላይ ድሬ ታርፋለች፣ የምትነቃው ፀሐይ ሲበርድ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ብዙ ጊዜ ከቢሮ ጋር አብሮ ይዘጋል። ኃላፊው ሠራተኛውን በፈረቃ መድቦ በማለዳና በምሽት ቢከፍት ወንበሩ ለሁሉም ይበቃል። የፈረቃ ክፍያና የጥበቃ ወጪ በጀት ውስጥ መግባቱን አይርሳ።

ጥ፦ መጻሕፍቱ በየትኛው ቋንቋ ይሁኑ?

መ፦ ከተማው በሚናገረው ሁሉ፦ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፤ በተለይ የሕፃናቱ። ለካታሎግ ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮምፒውተሩ "የቤተሰብ ስም" ስለጠየቀ ብቻ የኛን ደራሲ በአባቱ ስም አትመዝግቡት። አንባቢ የሚፈልገው በራሱ ስም ነው።

ጥ፦ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ልለግስ ነበር፤ ይቀበሉኛል?

መ፦ ይቀበሉሽ፣ ግን መርጠው። ከሥርዓተ ትምህርት የወጣ መማሪያ መጽሐፍ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። ካርቶኑም ውጭ ይከፈት። የካርቶኑ ሥር ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ካለ ምስጥ ገብቶበታል፤ አንዱ ካርቶን ሙሉ መደርደሪያ ያስበላል።

ጥ፦ ከሐረር ነኝ። የአያቴ በእጅ የተጻፈ የዓረብኛ ኪታብ አለን፤ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ልስጠው?

መ፦ አይ እህቴ። የእጅ ጽሑፍ ከሚዋስ መጽሐፍ ጋር አይቀመጥም፤ ሥራዬ ብሎ የሚጠግነው ባለሙያ ይፈልጋል። እዚያው ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ሲሰበስብና ሲጠግን የቆየ ነው፤ መጀመሪያ እነሱን አማክሪ። እስከዚያው የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊው፣ ላሚኔትም አታስደርጊው፤ ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይነሣል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከመሬት ከፍ አድርጊው።