ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ከተጋባን አምስት ዓመት አለፈን፤ ልጅ ግን አልወለድንም። እኔ ተመርምሬ «እንቁላልሽ በየወሩ አይወጣም» ተብዬ መድኃኒት ታዞልኛል። ባለቤቴ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ብሎ አልመረመርም አለ። አንዲት እኅት ደግሞ ጠበል ከጀመርሽ መድኃኒቱን ተዪው፣ ሁለቱን መያዝ ጥርጥር ነው ትለኛለች። በጾም ወቅት መለያየታችንም ያሳስበኛል። አማቴ ደግሞ «የተረገመች» ነው የምትለኝ። ምን ላድርግ? ለእርሷስ ምን ልመልስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ይህን ያስቀደምሁት መልሱን አንብበሽ እስክትጨርሺ የዛሬው ክኒን እንዳያልፍሽ ብዬ ነው።

እርግማን ስለተባለው፦ ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ሲጽፍ በመጀመሪያ ሁለቱም ያለ ነቀፋ የሚሄዱ ጻድቃን እንደነበሩ ይነግረናል፤ ልጅ እንዳልነበራቸው የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው (ሉቃ. 1፥6-7)። «ምን አድርገው ይሆን?» የሚለውን ሰው አፍ አስቀድሞ ዘጋው። ይስሐቅም የተስፋ ልጅ ሆኖ ሳለ ርብቃን ሲያገባ 40 ዓመቱ ነበር፤ ዔሳውና ያዕቆብ ሲወለዱ 60 ሞልቶታል። በዚያ ሁሉ ዘመን መጽሐፍ የሚነግረን ስለ ሚስቱ መጸለዩን እንጂ እርሷን መውቀሱን አይደለም (ዘፍ. 25፥20-26)።

እዚህ ላይ ብዙዎች በልባቸው ይዘው የሚሰቃዩበትን ነገርም ልንካ። ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የማህፀን ቱቦን ሊዘጋ ይችላል። ከጋብቻ በፊት የወደቀ ሰው ይህን ሲሰማ «እግዚአብሔር ይቅር አላለኝም» ይላል። ይቅር ብሎታል። ንስሐ ኃጢአትን ያስተሰርያል፤ በሰውነት ላይ የቀረውን ጠባሳ ግን ሐኪም ይየው። ደግሞም ቱቦ የተዘጋባት ሴት ሁሉ ያለፈ ታሪክ አላት ብሎ ማሰብ ትልቅ በደል ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ተዋሲያን ወደ ማህፀን ሲዛመት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን ወይም የፈነዳ ትርፍ አንጀትም ቱቦን ይዘጋሉ። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር፣ ማዮማ (የማህፀን ዕጢ)፣ ኤንዶሜትሪዮሲስም (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ ማደግ) አሉ። ምክንያቱ ጨርሶ የማይገኝላቸው ባልና ሚስትም ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ባልሽ ልምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እርሱ ጋ ይመስለኛል። ይህን መልስ አብራችሁ አንብቡት። ልጅ መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ለብቻው ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ። በግንኙነት ብርቱ የሆነ ሰው የዘር ፈሳሹ ዘር አልባ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በዓይን አይታይም፣ ስሜትም የለውም። ምርመራው ደግሞ ካንቺው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ናሙና ይሰጣል፤ አለቀ። ውጤቱ ካላማረ ይደገማል እንጂ በአንድ ወረቀት አይፈረድበትም። አንቺ በመርፌና በራጅ ስትመላለሺ እርሱ ይህችን ታህል እንቢ ማለቱ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ፍቅር አይመስለኝም።

ቢገኝበትስ? በቆለጥ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ፣ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ ሲጋራና መጠጥ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከሚታወቁት ምክንያቶች መካከል ናቸው። ጡንቻ ለማፈርጠም ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚወጉ ወጣቶችም ዘር የማምረት ሥራውን እንደሚያስቆም አያውቁም። ብዙው ይታከማል ወይም ይሻሻላል። ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ግን ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ሲጋራ ያቆመ ሰው በሳምንቱ ለውጥ አይጠብቅ፣ ሦስት ወር ያህል ይታገሥ።

የጠበሉን ነገር በተመለከተ፣ ያቺ እኅት ምናልባት የንጉሥ አሳን ታሪክ አስባ ይሆናል፤ በታመመ ጊዜ ባለመድኃኒቶችን ፈልጓል ተብሎ ተነቅፏል (2 ዜና 16፥12)። ጥፋቱ ግን እግዚአብሔርን አለመፈለጉ ነው፤ ቃሉን ሙሉውን አንብቡት። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እግዚአብሔር ከምድር ያወጣውን መድኃኒትም እንዳንንቅ ያዛል፤ እዚያው ላይ ጸሎትንና ንስሐን ያስቀድማል። ስለዚህ ተጠመቂ፣ ቁረቢ፣ ክኒንሽንም ዋጪ። የማልፈቅድልሽ ሁለት ነገር ነው፦ ጠንቋይ ቤት መሄድና «ማህፀን ይከፍታል» ተብሎ የሚሰጥ ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠል። የመጀመሪያው ነፍስሽን፣ ሁለተኛው ማህፀንሽን ይጎዳል።

ጾሙስ? ሴት በአንድ ዑደት ልትፀንስ የምትችለው ስድስት ቀን ያህል ብቻ ነው፤ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀናት። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ከአንድ ቀን አይዘልቅም፣ የወንዱ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ይቆያል። እንቁላል የሚወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ዑደቷ 28 ቀን የሆነ በ14ኛው፣ 35 ቀን የሆነ በ21ኛው ቀን አካባቢ ትጠብቃለች። ያንቺ የተዛባ ስለሆነ ግን ቆጠራው ብቻውን አያዛልቅሽም፤ ሐኪምሽ ይከታተልልሽ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና እነዚህ ቀናት ሁለቴ ሊያልፉሽ ይችላሉ። ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ ይህ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ በቀሩት ወራት በየሁለትና ሦስት ቀኑ አብሮ መሆን ይበቃል። ዕድሜሽ ከገፋ ወይም ሕክምናው በቀን የተቆረጠ ከሆነ ግን ለንስሐ አባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ መለያየት በስምምነትና ለጊዜው ይሁን ብሏል (1 ቆሮ. 7፥5)። በራስሽ ሥልጣን አትሻሪ፣ ዝም ብለሽም አትጨነቂ።

ክብደትሽ ከበዛ ከ5 እስከ 10 በመቶውን መቀነስ ብቻ እንኳ እንቁላሉን ሊመልሰው ይችላል፤ በጣም ከቀነሰም ይቆማልና በጾም ስም ራስሽን አታክሺ። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ከመፀነስሽ በፊት መጀመር እንዳለበትም ሐኪምሽን አስታውሺ።

ነገሩ እንቁላልና ዘር በላቦራቶሪ ተገናኝተው ፅንስ ወደሚሆኑበት ሕክምና (አይ.ቪ.ኤፍ) ከደረሰ ከመፈረማችሁ በፊት ኑና እንነጋገር። የሌላ ሰው ዘር ወይም እንቁላል በጋብቻችሁ መካከል መግባቱን እኔ አልቀበለውም፤ የሚተርፉት ፅንሶች ዕጣ ምን እንደሚሆንም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ለአማትሽ አንቺ ምንም አትመልሺ። ልጆች የነበሯት ጣውንቷ ፍናና መካኒቱን ሐናን ስታስቆጣት ሕልቃና ሚስቱን «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልሽምን?» ብሎ አጽናንቷታል (1 ሳሙ. 1፥8)፤ ፍናናን ገሠጻት የሚል ግን አላነበብሁም። ባልሽ ከሕልቃና አንድ እርምጃ ይለፍ። ከተመረመረ በኋላ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ እናቱ ዘንድ ብቻውን ሄዶ በአክብሮት «እማዬ፣ ጉዳዩ የሁለታችን ነው፤ ያንን ቃል ሁለተኛ በሚስቴ ላይ አትናገሪ» ይበላት። እምቢ ካለ ይዘሽው አንድ ላይ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።