ከመቀጠርሽ በፊት ባለቤቱን እዪው

ጥያቄ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የ5ኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ስመረቅ ቤተሰቦቼ ወዳሉበት አዲስ አበባ መመለስ እፈልጋለሁ። ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) አንድ የግል ፋርማሲ ገብቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተማርሬ ነው የወጣሁት። ሰው ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ይጠይቃል፣ እምቢ ስትዪው ይቆጣል። አሁን ሁለት ነገር ቀርቦልኛል። አንደኛው ሰፈራችን ባለ ፋርማሲ መቀጠር ነው። ሁለተኛው ላይሰንስ ሳወጣ እሱን ብቻ ሰጥቼ በየወሩ ገንዘብ መቀበል። ለመሆኑ 5 ዓመት የተማርኩት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ለመሸጥ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ላይሰንስሽን አታከራዪ። ሕገወጥ ነው። የሙያ ኃላፊ ተብሎ የሚመዘገበው ስምሽ ነው። አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ እዚያ ማን ምን እንደሸጠ አታውቂም፤ ችግር ሲመጣ ግን የምትጠሪው አንቺ ነሽ። ስለዚህኛው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ባንኮኒው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ።

አንዲት እናት ጉንፋን የያዘው ልጇን አዝላ ትመጣለች። «አሞክሳሲሊን ስጪኝ፣ ባለፈውም እሱ ነው ያዳነው» ትላለች። ጉንፋን ቫይረስ ስለሆነ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ባለፈውም የዳነው በራሱ ጊዜ ነው። እሷ ግን ያየችው ሽሮፑን ሰጥታ ልጇ ሲድን ነው፤ አይፈረድባትም። መስጠት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ ብሎ ማስረዳት ግን ጊዜ ይበላል፣ ከኋላዋ ሰልፍ አለ፣ መንገዱን ተሻግራ ያለው ፋርማሲ ደግሞ ሳይጠይቅ ይሰጣታል። ባለቤቱም ከካሸሩ አጠገብ ሆኖ ደንበኛ ሲሄድበት እያየ ነው። ያማረረሽ እሷ ብቻ ትመስልሻለች እንጂ፣ የባለቤቱም ዓይን ነበረበት ብዬ እገምታለሁ።

ለእሷ የሚሆነውን ዘዴ በትንሽ ጊዜ ትለምጂዋለሽ። «አይቻልም» ብለሽ አትጀምሪ። ጠይቂያት። ስንት ቀኑ ነው? ትኩሳት አለው? ይጠባል? ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል? ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም መጥባት ካቆመ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ይህ ከሌለ በልጁ ክብደት የተሰላ ፓራሲታሞል ስጪያት፣ ፈሳሽ በደንብ እንድትሰጠው ንገሪያት፣ መቼ መመለስ እንዳለባትም አስረጂያት። በደንብ የተጠየቀና ባዶ እጁን ያልተመለሰ ሰው እምብዛም አይቆጣም። ጥቂቶቹ ይቆጣሉ፤ ይቆጡ።

ሌላም የምትለምጂው ጥያቄ አለ። አራት መድኃኒት የታዘዘላቸው አባት ሒሳቡን ሲሰሙ ዝም ይሉና «ከነዚህ ውስጥ ዋናው የቱ ነው?» ይሉሻል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋ አሻቅቧል፤ ጥያቄውም በዝቷል። አንዱን ነጥለሽ «ይሄ ይቅር» አትበያቸው። መጀመሪያ ተመሳሳይ ይዘት ያለው ርካሽ ምርት ካለ ፈልጊ። ከሌለ ከነማ (የከተማ አስተዳደሩ) ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ በተሻለ ዋጋ ይገኝ እንደሆነ አጠያይቂላቸው። መቀነስ የግድ ከሆነ ላዘዘው ሐኪም ደውዪ። ስልኩ ላይነሳ ይችላል፣ ማዘዣውም ላይነበብ ይችላል። ሥራው እንዲህ ነው።

ደግሞ ለሐኪም ያልተነገረው ሁሉ ላንቺ ይነገራል። የስኳር ታማሚ እናት በዐቢይ ጾም ጠዋት ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላማይድ ውጠው እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ይቆያሉ። ስኳራቸው ወርዶ መንገድ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ሐኪሙ ስለ ጾሙ አልጠየቀም፣ እሳቸውም አልነገሩትም። አንዱ ደግሞ «ጸበል ስለገባሁ መድኃኒቱን ትቼው ነበር» ይልሻል። በእምነቱ አትከራከሪው። አቡነ ጳውሎስ እንኳን በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ይህን መስማት ብዙ ሰው ያረጋጋል። አንዲት ወጣት ደግሞ አምስት ሰው እየሰማ ፖስትፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ) መጠየቅ ከብዷት ፓናዶል ገዝታ ልትወጣ ትችላለች። ወደ ጥግ ጠራ አድርገሽ ብታናግሪያት ያልፍላታል፤ መድኃኒቱ ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በቶሎ መወሰድ አለበት። ሻጭ ነኝ ወይ ላልሽው መልሴ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ መሥራት መቻልሽን ግን በአመዛኙ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። እና ስለ ደመወዝ ከመነጋገርሽ በፊት አንድ ቀን ማታ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ እንደ ደንበኛ ግቢና ቆመሽ እዪ። ያለ ማዘዣ ትራማዶል (ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ) የሚጠይቅ ወጣት ምን ይባላል? የኢንሱሊኑ ፍሪጅ ቴርሞሜትር አለው? መብራት ሲጠፋስ? ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ በሽያጭ ኮሚሽን ይከፈል እንደሆነ ጠይቂ። ካለ እኔ አልወደውም፤ ብዙ በሸጥሽ ቁጥር ብዙ የምታገኚ ከሆነ እምቢ የማለት አቅምሽን በየቀኑ ይሸረሽረዋል። «ደንበኛ ሲቆጣ ማን ያናግረዋል?» ብለሽም ጠይቂው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ካለሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ። «እኔን ጥሪኝ» ካለሽ በትንሽ ደመወዝም ቢሆን ግቢ።

ሰዓቱንም አትርሺ። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚያስቆሙ ቤቶች አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው፣ ይከፈልበታል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም።

ለዘለዓለም እዚያው ቅሪ እያልኩሽ አይደለም። ሆስፒታል አለ፣ አስመጪ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ። ለጀማሪ ግን አንድ ሁለት ዓመት ባንኮኒ ላይ መቆምን እመርጣለሁ። መድኃኒት አድሎ የማያውቅ ተቆጣጣሪ የትኛውን መሳቢያ መክፈት እንዳለበት አያውቅም።

አሁን የብቃት ምዘና ፈተናሽ ላይ አተኩሪ። የሰፈርሽ ፋርማሲ ባለቤት ውል ሲሰጥሽ ሳትፈርሚ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የሰዓቱንና የኮሚሽኑን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን።