ስሮጥ የበርበሬው ጭስ ይመጣብኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ33 ዓመት ወንድ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባቴ በቀበቶ እየገረፈ ነው ያሳደገኝ። ጥፋቴ ከበድ ካለ በር ተዘግቶብኝ በበርበሬ እታጠን ነበር። እስካሁን ሌሊት እየባነንኩ እነሳለሁ። ለእንቅልፍ ብዬ ጓደኛዬ የጠቆመኝን ዳያዚፓም ከሰፈር ፋርማሲ እየገዛሁ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ወሰድኩ። አሁን ስፖርት የልጅነት ቁስልን ያሽራል ሲሉ ሰምቼ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ መሮጥ ጀምሬያለሁ። ግን ትንፋሽ ሲያጥረኝ ያ ጭስ ይመጣብኛል፤ የምሞት ይመስለኛል። በሳምንት ስንት ደቂቃ ብሮጥ ይለቀኛል? ኪኒኑንስ ከሰኞ ጀምሬ ብተወው? የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፤ ሲያለቅስብኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ከልጅዎ ልጀምር። ደቂቃ ይጠይቁኝ እንጂ እንቅልፍ የነሳዎት «እንደ አባቴ እሆን ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። ተገርፎ ያደገ ሁሉ ገራፊ አይሆንም፤ አብዛኛው አይሆንም። እጅዎ ሲንቀጠቀጥ ልጁን ለእናቱ ይስጡት፤ ከሌለች አልጋው ላይ አስተኝተው ትንሽ ወጣ ይበሉ። ሁለት ደቂቃ ቢያለቅስ ምንም አይሆንም።

እያበዱም አይደለም። በበርበሬ የታጠነ ልጅ ትንፋሽ ማጠርን ከሞት ጋር አያይዞ ነው የሚያድገው። ሩጫ ደግሞ ልብ ያስመታል፣ ያስለከልካል፣ ያልባል። ድንጋጤም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰውነትዎ ሁለቱን እያምታታ ነው።

ስለዚህ ስፖርቱን አይተዉት፤ ደረጃውን ግን ለጊዜው ይተዉት። ሜዳው ላይ፣ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር እያወሩ መሄድ በሚችሉበት ፍጥነት ይራመዱ። ጭሱ ሲመጣ ዓይንዎን አይጨፍኑ። ቆም ብለው የሚያዩትን በስሙ ይጥሩ፦ ባቡር፣ ታክሲ፣ ሊስትሮ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቀስ ብለው ይደርሱበታል። እንቅልፍ ያሻሽላል፣ ጭንቀት ያቀላል። ብቻውን ግን አይበቃም። (ሲሮጡ ደረትዎን ከጨመደደዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን ልብዎን ይመርመሩ።)

አሁን ወደ ኪኒኑ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ዳያዚፓም በሐኪም ማዘዣ፣ ለጥቂት ሳምንት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጓደኛ የሚያዘው ከረሜላ አይደለም! ለእንደዚህ ዓይነቱ የልጅነት ቁስልም አይመከርም።

ይባስ ብለው ደግሞ ሰኞ ሊተዉት ነው። እባክዎ እንዳያደርጉት። ስድስት ወር የለመደ አንጎል በአንድ ቀን ሲከለከል ይነሳብዎታል፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መወናበድ፤ ሲብስም ራስን ስቶ መውደቅና መንዘፍዘፍ። ይህ ይገድላል። አታላይነቱ ደግሞ ዳያዚፓም ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ መሆኑ ነው። ሰኞ ትተውት ማክሰኞ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። «ተገላገልኩ» ብለው ሲዝናኑ፣ ከቀናት በኋላ ምናልባትም በሳምንቱ መንገድ ላይ ይጥልዎታል። «ስፖርት ስሠራ በላብ ይወጣልኛል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አይወጣም! የሚያብላላው ጉበት ነው፤ ላብ ምንም አያግዝም። ቅዳሜ ማታ በላዩ ላይ ቢራ ከደገሙበት ደግሞ ትንፋሽዎን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ መጠጥ የለም፤ አንድም። መጠኑን ሐኪም በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ እያየ ይቀንስልዎታል። ከወደቁ ወይም ከተንዘፈዘፉ ቤተሰብ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰድዎት፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው።

ቁስሉ መታከሚያ አለው። ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የደረሰብዎትን ቀስ እያሉ የሚያወሩበት ሕክምና ነው፤ ብዙዎች በጣም ይሻላቸዋል። «አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ታየ» ይሉኛል ብለው ከፈሩ፣ ጥቁር አንበሳም ዘውዲቱም ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እኔን ከጠየቁኝ ግን አማኑኤልም ቢሄዱ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በዚህ ሳምንት ይሂዱ። የኪኒኑን ማሸጊያ ይያዙ። ስለ አባትዎ መናገር ካቃተዎት ለእኔ የጻፉትን አውጥተው ሐኪሙን ያስነብቧቸው። እስከዚያ ድረስ ከለመዱት መጠን አይጨምሩ፣ በራስዎም አይቀንሱ።