ብሎክ ሂተሩ ሲሰካ ሶኬቱ ለምን ይቆርጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሚኒያፖሊስ ነኝ፣ ትራክ ነው የምነዳው። ሲበርድ ማታ ብሎክ ሂተሩን (ኤንጂኑን የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ) ሰክቼ ነው የማድረው። ሰሞኑን ግን ገና ስሰካው የግድግዳው ሶኬት ጠቅ ይልና ይቆርጣል። አንድ ጓደኛዬ "ከመሰኪያው ላይ ሦስተኛዋን ክብ እግር ቁረጣት፣ ይሠራልሃል" አለኝ። ልቁረጣት? ወይስ ሂተሩን ልቀይረው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትቆርጣት! ሶኬቱ መቁረጡን ያቆም ይሆናል፣ እሱስ ልክ ነው። ግን ያቺ እግር የግራውንድ መስመር ናት። እሷ ከሌለች የሚያፈተልከው ኮረንቲ የመኪናው ቦዲ ላይ ይጠብቅሃል፤ ጠዋት በረዶ ላይ ቆመህ የበሩን እጀታ ስትይዝ መሬት የሚደርሰው በአንተ በኩል ነው።

"ቴስት" የሚል ቁልፍ ያለው ሶኬት 5 ሚሊአምፒር ያህል ካፈተለከ ይቆርጣል። ሥራው ነው። መጀመሪያ ሌላ እንዲህ ያለ ቁልፍ ያለው ሶኬት ላይ ሰክተህ ሞክር። እዚያም ከቆረጠ ጣጣው የመኪናህ ነው።

ከዚያ ገመዱን እይ። እኔ አንድ ክረምት አዲስ ሂተር ገዝቼ፣ ኩላንት (የኤንጂኑን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አስፈስሼ፣ ለሠራተኛም ከፍዬ ካስቀየርኩ በኋላ ጥፋተኛው ገመዱ ሆኖ አረፈው። መሰኪያው ባምፐሩ ሥር ተንጠልጥሎ የመንገድ ጨውና የቀለጠ በረዶ ሲጠጣ ነው የሚከርመው። እግሮቹ አረንጓዴ ዝገት ካወጡ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ ሌላ ምርመራ አያሻም፣ ገመዱን ቀይር።

ደህና ከመሰለ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዝ። ከሶኬቱ ነቅለህ ነው የምትለካው፣ አደራ! ኦም ላይ አድርገህ በሁለቱ ጠፍጣፋ እግሮች መሃል ለካ። በ120 ቮልት የሚሠራ 1500 ዋት ሂተር 10 ኦም ገደማ፣ 1000 ዋት ደግሞ 14 ገደማ ያሳያል። ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተበጥሷል። (አንዳንዱ ገመድ ግን ውስጡ ቴርሞስታት አለው፣ ካልበረደ አያገናኝም፤ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ለክተህ እንዳትሸወድ።) ቀጥሎ ከክቧ እግር ወደ ጠፍጣፋዎቹ በየተራ ለካ። እዚህ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ገመዱን ከኤንጂኑ በኩል ንቀልና ሂተሩን ብቻውን፣ በፒኑና በብሎኩ ብረት መሃል ለካው። ንባቡ ከጠፋ ገመዱ ነው። አሁንም ካለ የሂተሩ ሬዚስታንስ (የሚግለው ሽቦ) ሽፋኑ ተሰንጥቆ ኩላንት ገብቶበታል፣ ያኔ መቀየር ነው እንግዲህ።

ከቀየርክ ኩላንቱን ሞልተህ፣ አየሩ እስኪወጣ ኤንጂኑን አስነስተህ አሙቀው፣ ከዚያ ሰካው። ደረቁን ከተሰካ በሴኮንዶች ይቃጠላል። ማራዘሚያም ከተጠቀምክ ወፍራሙ፣ 12 ጌጅ የሚባለው ይሁን። 1500 ዋት ከ12 አምፒር በላይ ይስባል፣ ያቺ ለገና መብራት የገዛሃት ቀጭን ገመድ አትችለውም።